ብረት ብረት ይላል

ሐይቁ እዚያ ተኝቷል፣ ከደንገሉ ማዶ።
እዚህ መሰርሰሪያ ጥቁር ድንጋይ ቀዶ
ስልሳ ሜትር ወርዶ ያወጣልን ውሃ፣
በአንድ ያሰለፈ ሀብታምና ድሃ፣
ሲቀዳስ ጥሩ ነው፣ ኩልል ያለ ዕንባ፤
ሌሊት ሲያድር ግን ነው ዝገቱ የሚገባ።

ሻይ አፈላሁበት፣ እንደ ቀለም ጠቆረ፤
አንሶላ አጠብሁበት፣ ዳማ ሆኖ ቀረ።
አፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ
ማጭድ የላሱ ያህል።

«ብረት ብረት ይላል» አለች ፈንታነሽ፣
ጀሪካኗን ደፍታ።
ብረት ሲባል ጊዜ ዓይን ሁሉ ሄደ
ወደ ይርሳው ጎጆ፣ ከሰል ወደነደደ።
ማረሻ የሠራ፣ ማጭድ የሞረደ፣
የፓምፑን እጀታ ሲሰበር የቀጠለ፣
እሱን ነው «በሌሊት አንድ ነገር ጣለ»
ያሉት። «በዓይናችን አየነው» ያሉት።
አላዩም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበረ።
አላዩም አላልሁም።

ልጁ እንጉዳይ መጣች፣ ጀሪካን አዝላ፣
ቆመች ከሰልፉ ኋላ።
ከፊቷ ያሉት አንድ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ።
ተራዋ ሲደርስ ሰንሰለቱን ጠመጠምሁ።
«መሸ» አልኋት።
ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ ላይ ነበረች።

ከባሕር ዳር መጣ ብልቃጥ ያዘለ ሰው፣
ውሃችንን ቀድቶ በረዶ አለበሰው፣
ሄደ። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ዝናብም ጣለ፤
በቀበሌው በር ላይ ወረቀት ተንጠለጠለ።
ብረት ይላል፣ ማንጋኒዝ ይላል፣
ከጎናቸው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ቀይ መስመር።
«ማነው የጨመረው?» አለ አንዱ ከመሃል።
ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ጎንበስ አለና
ከአጥሩ ካብ ድንጋይ አነሳ፣
ጥቁር፣ ቀዳዳማ፣ ሁላችን ቤት ያለ።
«ይሄ» አለ።
«እሳት ሆኖ ፈስሶ የቀዘቀዘ ነው።
ብረቱ በሆዱ ነው። ውሃ ሲያድርበት
ቀስ እያለ ይለቀዋል። ማንም አልነካችሁም።»

ማንም አልነካንም።
ቀጥቃጯ ምድር ናት፣ ከእግራችን በታች፣
ሰው ሳይፈጠር በፊት ወናፏን የነፋች።

ለማጣሪያው በርሜል የሚበሳ ጠፋ።
ሁሉም መሬት አየ።
ይርሳው ሳንጠራው መጣ፣ መዶሻውን ይዞ፤
በሳው፣ አሸዋ ሞላን፣ ጠጠር ደለደልን።
ዋጋ አልጠየቀንም።
ውሃ በብርጭቆ ስሰጠው
እጁን ብቻ ታጠበበት።

አሁን ውሃው ጠርቷል። አንሶላዬ ነጭ ነው።
እንጉዳይ ግን ዛሬም
በፓምፑ አጠገብ አልፋ
ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፣ ወደ ደንገሉ ሥር።
«ነይ እንጂ፣ ጠርቷል» እላታለሁ፣ ገና በጠዋት።
«መሸ» ትለኛለች።