በመሃላችን

ገመዱ ያባቴ ነው፤ መረብ ሲስብ ኖሮ
አሞራ ገደል ላይ፣ እንደ ጅማት ከሮ፣
የቆሮሶ ቅርፊት፣ የሐይቅ ሽታ ጠግቦ፣
ከበራፉ ምስማር ይውላል ተሰብስቦ።

በሠራተኞች ቀን፣ ለፋብሪካው ሜዳ፣
ስለምነው ሰጠኝ። «እንዳታመጪ ዕዳ»
አለኝና ብቻ።

ሽልማቱ በግ ነው፤ ከግራሩ ጥላ
አየን፣ አየንና፣ ዞር ብሎ ሣር በላ።
አሥር ሴት ከስፌት፣ አሥር ከቆረጣ፣
ጫማውን አውልቆ ከሣሩ ላይ ወጣ።
ከገመዱ ወገብ ቀይ ጨርቅ ታሰረ፣
የሰው አገር ሸሚዝ ኮሌታ ሊሆን የነበረ።

ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ አስናቀች ጩፋሞ፤
የቦዲቲዋ ልጅ፣ ዳቶ ቤት ኪራይ ላይ ሸሪኬ ናት ደግሞ።
አንድ ፍራሽ አለን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣
በእንቅልፍ ልባችን የምንጓተተው እስኪነጋ ድረስ፤
እሷ ስትስበው እግሬን ይበርደኛል፣
እኔ ስመልሰው ሳሏ ይሰማኛል።

ፊሽካው ተነፋ።
ተረከዝ መሬቱን ቆፈረ።

እውነት ለመናገር፣ እሷን አልነበረም
የሳብኩት በዚያ ቀን። ስሙን አላውቀውም።
የወር መጨረሻን ይመስል ነበረ፣
ሲስቡት፣ ሲስቡት፣ እዚያው የከረረ።
አባቴ ከውሃው «ነይ» የሚልበት፣
ተቆጣጣሪዬ «ፍጠኝ» የሚልበት፣
ሌላ ገመድ አለ፤ መሃሉ እኔ ነኝ፣
ሁለቱ ሲስቡት ቆሜ የምገኝ።

ቀዩ ጨርቅ ግን ቆመ።
አንድ ስንዝር ወዲህ፣ አንድ ስንዝር ወዲያ፣
ከዚያ ዝም።
ከሩቅ ለሚያየው ያረፈ ይመስላል፣
ክሩ ግን በውስጡ አንድ አንድ ይበጠሳል።
ሰማሁት። ጣ። ደግሞ ጣ። እንደ መርፌ ስብራት።
አስናቀችም ሰማች፤ ዓይኗ ላይ አየሁት።
ልቀቂ አላልኳትም፤ ልቀቂ አላለችኝም፤
ቀድሞ የለቀቀ እንደሚወድቅ ያላወቀ የለም።

ተበጠሰ።

ሃያ ሴት በጀርባው። ሃያ ሳቅ ባንድ ላይ ታቦር ድረስ ወጣ።
በጉ ግን አልሳቀም፤ አሸናፊ ታጣ፤
በመጣበት መኪና፣ ሣሩን ባፉ እንደያዘ፣ ሄደ።

ማታ ሁለት ጥቅል ታቅፌ ወረድኩኝ ወደ አሞራ ገደል፤
አባቴ ሐመሶ ጉማሬ ከቀደደው መረብ ጋር ሲታገል
አገኘሁት። ጫፉን በጣቱ አሻሸ።
«ማን አሸነፈ?»
«ማንም።»
«መሃሉ ላይ ምን ነበር?»
«ቀይ ጨርቅ።»
ዝም አለ። አባ ኮዳዎቹ ከዛፉ ላይ፣
እንደ ዕድር ዳኛ፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ዝም አሉ።

«እኛም እኮ ልጄ በሁለት ወገን ነን፣
እነ ሌዳሞ በዚያ፣ እኛ በዚህ ሆነን
ጫፍ ለጫፍ ይዘን ነው መረብ የምንስበው፤
ግን በመሃላችን ዓሣ ነው ያለው።»

ዓሣው በጠፋ ቀን ከሌዳሞ ጋራ
እንደሚናከሱ፣ ለማንም ሳላወራ፣
አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

ሁለቱን ጫፍ ፈታ፤ ክር በክር አጠላልፎ
ገመደው በፋኖስ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ።
ገመዱ አጠረ፤ ሁለት ክንድ ጎደለ።
«ሌላ ጊዜ እንግዲህ ትቀራረባላችሁ፣
ፊት ለፊት ስትቆሙ፣» አለ፤
ሳቀም አስነጠሰም እንጃ።

ዳቶ ስደርስ አስናቀች ተኝታለች።
መዳፏ፣ እንደ መዳፌ፣ ተልጧል።
ብርድ ልብሱን በዚያ ጫፍ ጨብጣዋለች፤
በዚህ ጫፍ ያዝኩት።
ጠበቅሁ።
እግሬን በረደኝ።
ሳብኩት።

ሳለች።

መለስኩላት፣ አንድ ስንዝር።