ሰልፍ ቆጣሪ

አውራ ጣቴ ሥር ናት፣ ክብ የብረት ፍሬ፤
«ቀጭ» ስትል አንድ ሰው ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ እስከ ዛሬ
ስንቱ ሕዝብ አለፈ በዚች ጣት በኩል!
ደመወዜ በሰዓት ነው፤ ሰው ቢጎርፍም ቢነጥፍም እኩል።

ከተማው ቶራንስ ነው፣ የጃፓን ገበያ ዳር፤
መኪናዬን አቁሜ ከጃካራንዳው ሥር፣
ሐምራዊ አበባው መስታወቴ ላይ ሲረግፍ
እየጠረግሁ አያለሁ የጣፋጩን ሰልፍ።

ሰልፍ አልኩ? አዎ፣ ሰልፍ፤ በሁለቱም ፍቺው፤
ተራ ጠባቂው በውጭ፣ በውስጥ ተዋጊው።

በስተግራ «ሺሮኩሞ»። ቺዝኬኩ ከምድጃ ወጥቶ
እንደ ሕፃን ጉንጭ ይርገፈገፋል፣ ግንባሩን በጋለ ማኅተም ተመትቶ፤
በየሃያ ደቂቃው ደወል ይደወላል፣
ደወሉን የሰማ፣ ስኳር ያለበት እንኳ፣ ዞር ብሎ ያያል።
በስተቀኝ «ሃትሱዩኪ»። የማቻ አይስክሬም፣
ሰባት ዓይነት አረንጓዴ፤ ሰባተኛውን የሚጨርስ የለም፤
መራራ ነው ይላሉ ፊታቸውን አጨማደው፣
ግን ለፎቶ ያምራል ብለው የሚገዙት እሱኑ ነው።
አንድ ቀን የሰልፉ ጅራት መኪናዬን ታከከ፤
«ምንድን ነው የሚሸጡት?» ብሎ ኋለኛው ፊተኛውን ጠየቀ።
ፊተኛውም አያውቅም።
ሁለቱም ግን ከሰልፉ አልወጡም።

አሠሪዬ ሦስተኛው ነው፣ ገና በሩን ያልከፈተ፣
ከናጎያ መጥቶ ባዶውን ሱቅ እየዞረ የሸተተ።
ሚስተር ኩሬባያሺ፤ ቡና ቤቱ በአገሩ ሁለት መቶ ቅርንጫፍ አለው፤
«ጠዋት ቡና ለገዛ፣ ዳቦና እንቁላል በነፃ ነው»
እያለ ሊዘምት ነው፤ የእኔ ቁጥር ስንቁ።
ሰላይ ነኝ ማለት ነው? ልሁን። ግን ዘበኞቹ ሳይቀሩ አወቁ፤
ሲያልፉ «ዛሬስ ስንት ደረስክ?» ይሉኛል፤
ብርቱካን እሰጣቸዋለሁ። ሰላይ እንዲህ ይሆናል?

ቅጹ አምድ አለው፦ ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ ያስከተለ፣
ይዞ የወጣ፣ ባዶ እጁን የወጣ፣ ሰልፉን አይቶ የኮበለለ።
ኦካቤ ግን አምድ የላት።
ከሁለቱ መሃል ነች፣ በሯ የቁም ሣጥን ያህላት፤
ወይዘሮ ሱሚዬ ኦካቤ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ሌሊት ሩዝ ትወቅጣለች፣ ያለቀ ዕለት ይዘጋል ቤቷ።
ሞቺ ብቻ። ሆዱ ውስጥ በስኳር የተፈጨ ቀይ ባቄላ፤
(ባቄላ በስኳር! ስሰማ ሳቅሁ፤ ባቄላ እኔ የማውቀው ሌላ።)
«እሷን ተዋት» አለኝ ሚስተር ኩሬባያሺ ቅጹን ሲሰጠኝ፤
«ከቁጥር አትገባም።» እሺ አልኩ። የሚከፍለኝ እሱ፣ ምን አገባኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጥ፣
ከሃትሱዩኪ ጓሮ አንዲት ልጅ አየሁ ስታመልጥ፤
አረንጓዴ ሽርጧን ፈትታ በብብቷ ወሸቀች፣
ግራ ቀኝ ገልመጥ አለች፣ ኦካቤ ገባች።
ተከተለ የሺሮኩሞው ደወል ደዋይ፣
ቆቡን በኪሱ አጥፎ፣ ማንም እንዳያይ።
ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ፣ አንዲት አግዳሚ ላይ፣
የሁለት ጦር ልጆች፣ ዱቄት በከንፈራቸው፣
ሞቺ ሲገምጡ ሳቅ እያፈናቸው።
አውራ ጣቴ አየር ላይ ቀረች።
ሻጭ ሲገዛ የት ይጻፋል? የትኛው አምድ ይቀበለዋል?
ቀጭ ብል ቅጹ ይበላሻል፤ ዝም ብል ዓይኔ ይዋሻል።

በእርሳስ፣ በኅዳጉ ላይ፣ አንድ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ አኖርሁ።
ቅዳሜ ሃያ አንድ ደረሱ፤ ከሰልፉ ይልቅ እነሱን ጠበቅሁ።
እሑድ ማታ አንድ ሰው፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ጥሎ፣
ከጠባቧ በር ወጣ፣ ካርቶን በክር አንጠልጥሎ።
አረማመዱን ዐወቅሁት። ሚስተር ኩሬባያሺ፣ ብቻውን፤
መብራት ሳያበራ መኪናው ውስጥ ጨረሰ አራቱን።

ሰኞ ቅጹን ዘረጋ። ሺሮኩሞ፣ ሁለት ሺ ሦስት መቶ አሥር።
ሃትሱዩኪ፣ ትንሽ ዝቅ። ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ያለው ይመስል ነበር።
ከዚያ ጣቱ ኅዳጉ ላይ ቆመ። «እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»
«ዱቄት ይሆናል» አልኩት።
በአውራ ጣቱ ፈተጋቸው።
አልጠፉም።
ምንም አልተናገረ፤ እንደገና ፈተገ፣ ቀስ ብሎ፣
የመጨረሻዋን ነጥብ፣ ብቻዋን ነጥሎ።