ጫማው ግን ጠበበኝ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከላውንደሪው ጀርባ፣
የካውያ እንፋሎት በስንጥቅ ሲገባ፣
አንድ ሚዛን ይዤ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተር፣
ተቀምጬ ነበር።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ወልውዬ፣
በቋጠርኳት ድርሃም ካርጎ ከፈትኩ ብዬ።

ሦስት ወር።
ሰው መጥቶ ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣
«እሺ፣ እመለሳለሁ» ይልና ይርቃል።
አልፈርድባቸውም።
ከኔ በፊት የነበረው፣ ያ ባለሰማያዊ ሸሚዙ፣
የአሥራ አራት ሰው ካርቶን ጭኖ ነው መጓዙ።
የሱ ዕዳ ነበር ደጄ ላይ የቆመው፤
ያላመነ ዳነ፣ ያመነ ነው የታመመው።

ባንድ የዕረፍት ቀኗ ሸምሲያ ከች አለች፣
ካርቶኗን ሚዛን ላይ ጥላ ፊቴ ቆመች፤
ሁለት ብርድ ልብስ፣ የዱቄት ወተት፣
ዋጋው ያልተላጠ ጥቁር ጫማ ለናት።
«ሌሎቹ ውድ ናቸው፣ አማራጭ የለኝም፤
ብትበዪው» አለችኝ፣ «ለአላህ ነው፣ አልከስሽም።»
እምነት አልነበረም። ማጣት ነው ያመጣት።

ሃምሳ ስምንት ሌሊት ከካርቶኑ ጋር አደርኩ፤
ባሕሩን፣ ጅቡቲን፣ ኬላውን ቆጠርኩ።
በሃምሳ ዘጠነኛው የድምፅ መልእክት መጣ፣
ከከሚሴ ማዶ፣ ከገጠር የወጣ።
የጎረቤት ልጅ ናት ስልኩን የያዘችው፣
«በሉ ይናገሩ፣ ይሰማል» ያለችው።
ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ ሳል። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ፦
«ሸምሲያዬ፣ ዕቃው ደርሷል፣ አልሐምዱሊላህ።
ብርድ ልብሱ ሞቀኝ። ወተቱን ቀመስነው።
ጫማው ግን ጠበበኝ።
እግሬን እኮ ታውቂዋለሽ፤ ረሳሽው እንዴ?»

ሸምሲያ ስታለቅስ፣ እያለቀሰች ስትስቅ፣
ድምፁ ከስልክ ስልክ ተሻገረ ሳይታወቅ፤
ከአጅማን ወጥ ቤት እስከ ዴራ ሰገነት።
በማግስቱ ስድስት፣ በሳምንቱ ሃያ፣
ካርቶን ታቅፎ ቆመ ደጄ ላይ ገበያ።
«ጫማ ጠበበኝ ካርጎ፣ አንቺ ነሽ ወይ?»
ይሉኛል፤ «ሉባባ ካርጎ» ያልኩትን
የሚያነብ የለም ደጃፌ ላይ።

ቆይቶ ነው የገባኝ፦
ያሳመናቸው «ደርሷል» አይደለም፤
እሱንማ ባለሰማያዊ ሸሚዙም ሲለው ነበር።
ያሳመናቸው ጫማው ነው።
የሐሰት ምስክር ጫማ አይጠበውም።

ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ መጣ ደግሞ፣
ጠረጴዛዬ ላይ በክንዱ ተጋድሞ፦
«አምስት ኮከብ፣ ከነምስጋናው፣ ባንድ ድርሃም ልስጥሽ፤
መቶውን ከገዛሽ አሥር እመርቅሻለሁ» አለኝ።
አሳየኝ። አነበብኩ።
«ምርጥ አገልግሎት።» «ምርጥ አገልግሎት።» «እጅግ ምርጥ።»
ሳል የላቸውም። ዶሮ አይጮኽባቸውም።
«ወንድሜ» አልኩት፣ «ሰማዩ ላይ ስንት ኮከብ አለ፤
እስከ ዛሬ አንድ ካርቶን አላደረሰ።»

ሐምሌ ላይ መርከቡ ዘገየ።
እንጉዳይ የምትባል፣ አል ናህዳ የምትሠራ፣
«ሌባ» ብላ ጻፈች፣ ሁሉ በሚያየው ስፍራ።
ጣቴ ሊያጠፋው ሄደ።
መለስኩት።
ከሥሩ የካርቶኗን ቁጥር፣ የመርከቡን ስም ጻፍኩ፤
በየሰኞው ደግሞ «ገና ነው» አልኩ።
አሥራ አንድ ሰኞ።
ከዚያ ከሷ አንድ ቃል፦ «ደረሰ።»
ይቅርታ የለው፣ ኮከብ የለው፤
ከሁሉ ግን እሱን ነው የምቆጥረው።

በቀደም የከሚሴ ካርቶን ሳሽግ
በጥጉ በኩል ክፍተት አየሁ፤
አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጥቁር ጫማ
ገዝቼ ወሸቅሁ።
ለሸምሲያም አልነገርኩ።

ድምፁ ትናንት ገባ። ዶሮው ዛሬም አለ፤ ሳሉ በርትቷል።
«ያቺ ካርቶን የምትልከው ልጅ፣ ዕድሜ ይስጣት፤
የፊተኛውን ለዚች ለጎረቤት ልጅ ሰጠኋት።
አዲሱም ደርሷል።
ብቻ፣ እንዳትቀየመኝ፣ ይሄኛው ሰፋኝ።»

ይኸው፤
የሰማ ላልሰማ ያሰማ።