አሰሩ

ከዚራ፣ ዛፉ ጥላ ሥር፣ ነጂብ ጁስ ቤት
አንድ እቅፍ ቆስጣ ገብቶ ወጣ አንድ ብርጭቆ።
«አቦ ጠጪው!» አለኝ ላቡን በክንዱ ጠርጎ።
ጠጣሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጥርሴ ሥራ ፈቶ፣
ምላሴን ሳይሰናበት ወረደ ተንሸራቶ።

ከጓሮ ግን አሰሩ በባልዲ ተደፍቶ
የነሃዋ ፍየል ታኝካለች፣ ዓይኗን ከድና፣
ጸጉሯ የሚያበራ እንደ ሙሽራ ሂና።

ለውሃው የከፈልኩ እኔ፤
ቆስጣውን የበላች እሷ።

ማታ መብራት ሄደ። ብሌንደሬ ድዳ ሆነ።
ከቀፊራ የገዛሁትን በእጄ ቀነጣጥሼ
በሎሚ፣ በሚጥሚጣ፣ ከነአገዳው ጎረስኩት፤
አኘኩ፣ አኘኩ፣ መንገጭላዬ እስኪዝል።
ምሬቱ መጣ፤ ቆይቶ፣ ከምሬቱ ኋላ፣ ጣፋጩ።

ከአጥሩ ማዶ ሰማኋት። እሷም ገና አልጨረሰች።
«ጎመን በጤና» አልኳት በጨለማው፣ እንደ እኩያ።
መንገጭላዋ ብቻ መለሰ።