መሄጃና መመለሻ

ከሌሊቱ ስምንት ሆኗል፣ ሻርጃ ላይ ነፋስ የለም፤
አስፋልቱ ገና ቀን ነው፣ ሙቀቱ አልተኛለትም።
እኔ ግን ሹራብ ለብሻለሁ፣
ከዓሣው ማቀዝቀዣ ጀርባ፣ ሰርቨሩ ክፍል አለሁ፤
ሳጥኑ በአረንጓዴ ዓይኑ ይጠቅሰኛል፣
ቢጁ ከወዲያኛው ጫፍ በስልክ "ሞክረው" ይለኛል።

የዓሣው ነጋዴ ባለፈው ወር የተምሩን መጋዘን ገዛ፤
"አገናኙልኝ" አለ፣
ሁለት ብርጭቆ እንደሚያጋጭ፣ እንዲያው በዋዛ።
ሁለቱ ግን ያደጉት ተሸሽገው፣ በየግቢያቸው፣
አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ነው የሁለቱም አባታቸው።
እዚህ ሃያ ማለት ሚዛን፣ እዚያ ሃያ ማለት ካሜራ፤
"ሃያ!" ብዬ ብጣራ፣
አቤት የሚለኝ የቅርቡ ነው፤ ድምፄ ከደጅ አይወጣም፣
የማዶው ሃያ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ስሙ ሲጠራ አይሰማም።

ስለዚህ ስም አወጣለሁ፣ የመሻገሪያ፣
ለሁለቱም ቤት፣ ድልድይ ላይ ብቻ መጠሪያ።
ሃያ የራሱን እንደያዘ የአባቱ ስም ይቀየራል፣
መልሱ ሲመጣ ራውተሩ መዝገቡን ገልጦ ያያል፤
"ይህማ የእኛው ነው" ይላል፣ የአባቱን ስም ይመልሳል፣
ፓኬቱ መለወጡን ሳያውቅ ቤቱ ይደርሳል።

መጀመሪያ አልሠራም። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፋሁ።
ቢጁ ነው ያገኘው፦ "መሄጃ ብቻ ነው የጻፍከው፣
መመለሻው የታለ ወንድሜ?" ሳቅሁ።
ቀጥሎ ግን አልሳቅሁ።

ዘርፌ ትዝ አለችኝ። የአክስቴ ልጅ፣ አጅማን ያለችው፤
ደላላው ፓስፖርቷ ላይ "ዘህራ" ብሎ ያሻገራት፣
እመቤቷ ደግሞ "ዘህራማ እናቴ ናት፣
በአንድ ቤት ሁለት አይሆንም" ብላ ሱመያ ያለቻት።
ስድስት ዓመቷ። ስደውል "ሱመያ" ብላ ታነሳለች፣
ድምፄን ስትሰማ ዝም ትላለች፣
የሆነ ገጽ የምትገልጥ ይመስለኛል፣
"እንዴ፣ እኔ ነኝ" እስክትል ድረስ ልቤ ይቆማል።

መመለሻውን ጻፍኩ። አራት ተልኮ አራት መጣ።
ቢጁ በማላያላም የሆነ ነገር ጮኸ፤ ሚዛኑ ካሜራውን አገኘው፤
ማንም ላይሰማ ሁለት መጋዘን ተጨዋወተ።
ሹራቤን አውልቄ ወጣሁ፤ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ተጣበቀብኝ።

ሲነጋ ልደውልላት ነው፤ ወሬም ጉዳይም የለኝም።
ስሟን ልጠራት ብቻ ነው፤
ያልተጠራ መስመር መዝገብ ላይ ብዙ አይቆይም።