የአስተርጓሚዋ ሥራ መልቀቂያ

ወንድሜ ቶርኒቄ አምስት ሊሞላው ሲል፣
ምላሱ እንቢ አለው፣ "ቀ" ብሎ እንዳይል።
ከጉሮሮው ጓዳ መነሣት ሲገባት፣
ጥርሱ ሥር ተወልዳ "ጠ" ሆነችበት።

እንቁራሪት በኛ አገር "ባቃቂ"፣ በእርሱ አፍ "ባጣጢ"፤
ውሃው፣ "ጽቃሊ"፣ "ጽጣሊ"፤
የገዛ ስሙ እንኳ "ቶርኒጤ"።
እኔም በአያቴ ስም፣ በጥቁር እንጆሪ፣
ማቅቫላ የተባልኩት፣
"ማጥቫላ" ነበርኩ ለእርሱ፤ ሲቸኩል "ማጥላ"።

"ቃል" የሚለውን ቃል እኛ "ሲጥቅቫ" እንለዋለን፤
"ጠ" እና "ቀ" ባንድ አልጋ ተኝተው
ብርድ ልብስ የሚጓተቱበት።
ወንድሜ "ሲጥጥቫ" አለ።
ቃል ራሱ እንዲህ ከሆነ፣ ሌላው ምን ይተርፋል?

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፤ አስተርጓሚ ነበርኩ።
ዳቦ ቤት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪዋ ፊት፤
እናቴም ከባሪ ስትደውል
(እዚያ የሰው አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች)
ስልኩን በሁለታችን መሀል ይዤ
"እንዲህ ነው ያለው" እላታለሁ።
አንዳንዴ እጨምርበታለሁ፤
ብስክሌት ሲጠይቅ "ለማቅቫላም ጫማ" ብዬ።
ደመወዝ የሌለው ሥራም ጉርሻ አያጣም።

በመዋዕለ ሕፃናት ስም አወጡለት፣ "ባጣጢ"።
ዝም አለ።
አንድ ወር ሙሉ በጣቱ ብቻ አወራ።
ያኔ አባቴ የሚኒባሱን መሪ ለጓደኛው ትቶ
ማክሰኞ ማክሰኞ ኩታይሲ መሀል ወሰደን።

አሳንሰሩ ሳንቲም ይበላል፤ ሲያጎርሱት ያጓራል፣
አራተኛ ፎቅ ላይ አድርሶ ይተፋል፤
ለመውረድ በነጻ፣ ደረጃው ይበቃል።

ላማራ ትባላለች፤ የጋዋኗ ኪስ ቀለም የነካው።
"ስምህ ማነው?" አለችው። አፌን ከፈትኩ።
"አንቺን አልጠየቅኩም፣ የኔ ቆንጆ።"

መስታወት። የአይስክሬም እንጨት። አንድ ብርጭቆ ውሃ።
ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኛችው፣
ምላስ በገዛ ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት።
"ጫፉ ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሰው፤
ጀርባው ይነሣ፣ እንደ ተቆጣች ድመት።"
በእንጨቱ ጫፉን ያዝ አደረገችለት።
"ጠ" አለ።
"ቆይ።" "ጠ።" እንደገና "ጠ"።
ተጉመጠመጠ፣ ሸሚዙ ራሰ፣ ሳቀ፣ አለቀሰ።
እኔ ወንበሬ ላይ ምላሴን እያንቀሳቀስኩ
"ቀ፣ ቀ፣ ቀ" እል ነበር፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ሌባ።
ከየት እንደምትነሣ አላውቅም ነበር።
የሚናገር ሰው አፉን አያውቀውም።

በረዶው ቀለጠ፤ ሪዮኒ ወንዝ ደፈረሰ፣ ጠራ።
ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ልምምድ፤
የደከመው ሹፌር ከልጁ ጎን መሬት ላይ ተንጋሎ
"ቅ... ቅ... ቅ..."
ጎረቤቶች የሚያንኮራፋ መሰላቸው።

አንድ ማክሰኞ ደረጃውን ስንወርድ
ከኋላዬ አንድ ሰው "ማቅቫላ" አለ።
ዞር አላልኩም።
"ማቅ... ቫላ!"
"ቀ" ከበደች፣ ጉድጓድ እንደገባ ድንጋይ።
ሌላ ሰው የጠራኝ መስሎኝ
ሦስት ደረጃ ወረድኩ።
አባቴን ሳየው ግድግዳ ይዞ ቆሟል።

በዚያ ሳምንት እናቴ ደወለች።
እጄን ስዘረጋ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው።
ስለ እንቁራሪት አወራት፣ ስለ ውሃ፤
ስለ ጫማዬ ምንም።
ከማዶ ዝምታ። ከዚያ አፍንጫ ሲናፈጥ።
"ድገመው" አለች። ደገመው።
እኔ ያልታጠበ ድስት ፈልጌ አጠብኩ።

ዛሬ ጺማም ነው፤ ወሬው ማረፊያ የለውም፤
አባቴ "ላማራ ገንዘቤን ትመልስ" ይላል።
እኔ ግን ቤቱ ጭር ሲል
የምላሴን ጫፍ ጥርሴ ሥር አስጠግቼ
"ማጥላ" እላለሁ።
ማንም አይመልስም።
የት እንደሄደች የጠየቀም የለም።