የሊፓ ሰሞን

በሩሴ ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣
ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ አንድ መናፈሻ ነበር።
«ነበር» ስል አትዘኑ፤ ዛሬም አለ ቦታው፤
በሩን ነው ያጣነው፣ ሰንሰለት የዋጠው።
ሰባት የሊፓ ዛፍ፣ አምስት የእንጨት ወንበር፣
ውሃ የረሳ ፏፏቴ፣ ርግብ የሚገዛው አገር።

ብረቱ ላይ ወረቀት፣ በላስቲክ የታሸገ፣
«ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል፣ ማኅተም ያደረገ፤
«እስከ ሐምሌ ማብቂያ።»
ፈርሞበታል አንድ ሰው፣ ስሙ የማይነበብ፣
ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ያልመጣለት ከሐሳብ።

ሊፓን ለማታውቁት፦
ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ነው፣ አበባው ቢጫ ነጭ፣
ሽታው ማር የመሰለ፣ እስከ መንገድ ማዶ የሚረጭ።
በዓመት አሥር ቀን ነው፣ በሰኔ፣ ከዚያ አይዘልቅም፤
ንብ ይሽቀዳደም፣ ሰው ይሽቀዳደም፣ ሊፓ ማንንም አይጠብቅም።
ለቅመው በጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ያሰጡታል፤
በበረዶው ወራት ከፈላ ውሃ ጋር ያገናኙታል።
ለጉንፋን ይላሉ፣ ላመለጠ እንቅልፍ፣
ወይ ደግሞ እንዲሁ ነው፣ ሌሊቱ እንዲያልፍ።

ቬሊችካ መድኃኒት ቤት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት
ክኒን የቆጠረች ናት፣ በነጭ ጋውን፣ በትዕግሥት።
«ሐኪም ያዘዘውን ዋጥ» ትላለች ለጠየቃት፣
«አበባ አበባ ነው፤ ተአምር አታሸክሙት።»
ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ የትራስ ልብስ ገልብጣ፣
ትለቅማለች፣ ሰባተኛው ዛፍ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ።
ሻባን አለ፣ በቼዝ ሲሸነፍ አየሩን የሚያማ፣
ኔድያልኮ፣ የጀልባ ጡረተኛ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፤
ከወለደች ወዲህ እንባ እየቀደማት፣
ራድካ የምትመጣው «ልጁን ስጪኝ» ለሚላት።

በዚያች ሰኔ ግን ሁሉም ከውጭ ቀሩ፤
ብረቱን ይዘው አዩ፣ ንቦች ያለ ፈቃድ ሲበሩ።

ፔንኮ ዘበኛው ክፉ አይደለም።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የሸሸው፣
ለሌሊት ጥበቃ የተሻለ ሰው ከየት ሊገኝ ነው?
በስድስተኛው ቀን ንጋት መሰላል አቆመ፣
ወጣበት፣ ባርኔጣው እስኪሞላ ለቀመ።
«እንኪ» አላት፣ በብረቱ መሐል እጁን አሾልኮ፣
«ይኸው አበባሽ፤ የምትፈልጊው ይህን ነው እኮ።»

አሸተተችው። መለሰችለት።
«ያምናው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ገና ያልጨረስኩት።
መድኃኒቱ፣ ፔንኮ፣ ከቤቴ እዚህ ያለው መንገድ ነው፣
ሁለት መቶ አርባ እርምጃ፣ ጉልበቴ የሚቆጥረው፤
የሻባን ኩርፊያ ነው፣ የኔድያልኮ ጆሮ፣
‹ነገም እዚሁ› የሚባል ያልተጻፈ ቀጠሮ።
ይህን በብረት መሐል እንዴት ታሾልክልኛለህ?
አንተስ፣ እንቅልፍ አጥተህ፣ ማንን ከማን ትጠብቃለህ?»

«ቁልፉን አወጣና ከፈተ» ብዬ ብቋጭ ባማረ፤
አልከፈተም። ሁለት ዓመት ነበር ለጡረታው የቀረ።
ግን በማግሥቱ ከውስጥ ወንበር ጎትቶ ወደ አጥሩ
ተቀመጠ። እነሱም ከውጭ፣ አስፋልቱ ላይ፣ በርጩማ ደረደሩ።
ቼዙ በብረቱ መሐል ተዘረጋ፣ እኩል ለእኩል፣
ነጩ ንጉሥ እስር ቤት፣ ጥቁሩ መንገድ ላይ ሲውል።
ፔንኮ ተሸነፈ፤ ሻባን አየሩን አመሰገነ፤
ማን ውስጥ፣ ማን ውጭ እንደሆነ ግራ የሚያጋባ ሆነ።

ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ፊርማ፣
አንዱ የኔድያልኮ፣ የተነበበለትን ሳይሰማ።
መልሱ አልመጣም። ሊፓው ግን መርገፍ ጀመረ፣
ከአጥሩ በላይ፣ ያለ ቁልፍ፣ በነፋስ እየበረረ።

ያልተቀበለችውን አበባ ፔንኮ አፍልቶ ጠጣ በዚያ ማታ፤
ተኛ፣ ከሚስቱ ሞት ወዲህ መጀመሪያ፣ ሥራውን ረስቶ ለአንድ አፍታ።
አበባው ይሁን ሳቁ፣ ቬሊችካም አታውቅም።
ሲነቃ ወገቡን ዳሰሰ፤ ቁልፉ እዚያ የለም።
ከሰባተኛው ዛፍ ሥር፣ ወንበሩ ላይ፣ በንጋት ጤዛ፣
አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ የትራስ ልብስ ይዛ።